ሽቦው ላይ የተሰጣው ጋውን

ነርስ ነኝ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አዳር እገባለሁ። ጠዋት ከመገናኛ የካ አባዶ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ እያንጎላጀጅኩ መጥቼ፣ ሦስተኛ ፎቅ እወጣና ጋውኔን አጥቤ በረንዳው ሽቦ ላይ አሰጣለሁ። ከዚያ እተኛለሁ፤ መተኛት ከተባለ። እኔ ጋደም ስል ነው ኮንዶሚኒየሙ የሚነቃው። ቁራሌው ይጮሃል፣ ከጎኔ በርበሬ ይወቀጣል፣ ልጆች ኳሳቸውን ከመስኮቴ ሥር ካለው ግድግዳ ጋር ያላትማሉ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። የሰው ደም ግፊት ስለካ የማድረው ሴትዮ አንድ ቀን ራሴን አዞረኝና ባልደረባዬ ስትለካኝ የራሴው አሻቅቦ ተገኘ። ሐኪሙ፣ "ቀን የማትተኚ ከሆነ አዳሩን ተዪው" አለኝ። እኛ ክፍል ደግሞ አዳር የማይገባ ነርስ ቦታ የለውም። አዳሩን መተው ማለት እንጀራዬን መተው ነበር።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ገና ጋደም ከማለቴ ኳሷ ግድግዳውን መታች። ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። በረንዳ ላይ ወጥቼ፣ "ግፊት ይዞኛል! ልትገድሉኝ ነው ወይ?" ብዬ ጮህኩና ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ድካም ነው ብዬ ምክንያቱን አልመረመርኩም። ይልቅ ጎረቤቶቼ ቀን ቀን በሬን ማንኳኳት ሲተዉ "ተቀየሙኝ" አልኩና እኔም አኮረፍኩ። ግፊቴ ቀስ በቀስ ወረደ፤ ሥራዬም ተረፈ። ኩርፊያዬ ግን አልወረደም።

አንድ የእረፍት ቀን ጋውኔን አጥቤ አሰጣሁና ሽንኩርት ልገዛ ወረድኩ። ከጎኔ በርበሬ ይወቅጡ የነበሩት አሮጊት ጎረቤቴ ከሕንፃው ጀርባ ሙቀጫቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ደነገጡ።

"ውይ ሲስተር! ማን ቀሰቀሰሽ?"

"ማንም አልቀሰቀሰኝም፣ እማማ። ዛሬ እረፍት ነኝ። እርስዎ ምነው እዚህ?"

"እረፍት? ታዲያ ጋውንሽ ተሰጥቶ የለም እንዴ!" ወደ በረንዳዬ አመለከቱኝ። "እሱን ስናይ ተኝታለች ብለን ነው እንጂ፣ በዚህ ወገቤ ሙቀጫ ይዤ ሦስት ፎቅ የምወርደው አብጄ መሰለሽ? ልጆቹም እሱን አይተው ሜዳ ሄደዋል። ቁራሌውንም ከበር ነው የምንመልሰው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ተኝተሽ እኮ ነው!" አሉ፤ የጅል ጥያቄ እንደጠየቅኳቸው ሁሉ።

ስንት ወር ሙሉ ያኮረፍኳቸው ሰዎች ናቸው ሲጠብቁኝ የከረሙት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል እሰማ ነበር፤ ለእኔ የተባለ ግን አይመስለኝም ነበር። ሙቀጫውን ተሸክሜ አወጣሁላቸውና ጋውኔን ውኃው እየተንጠባጠበ ከሽቦው አነሳሁት። ትንሽ ቆይቶ ኳሷ ከመስኮቴ ሥር ግድግዳውን መታች።

እስከ ዛሬ የእረፍት ቀን ጋውኔን የማደርቀው ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ነው።