ነጭ ጋዎን ለብሼ ያደልኩት ሳሙና

ይህ የደረሰብኝ ሁለተኛ ልጄን ጡት ባስጣልኩበት ዓመት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መዞር የጀመሩበት፣ ሞባይል ደግሞ ከሶዶ ከተማ ወጣ ሲሉ የማይሠራበት ጊዜ ነበር። ብዙ ዓመት አልፏል። እስከ ዛሬ ግን ሕፃን በቅል ሲጠጣ ካየሁ የያዘውን ሳልጠይቅ አላልፍም።

ያኔ በአንድ የውጭ ኩባንያ ተቀጥሬ ነበር። ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙናና ቅባት በብዙ አገር የሚሸጥ ትልቅ ኩባንያ ነው። የገጠር ሰው ትልቁን ካርቶን የዱቄት ሳሙና መግዛት አይችልም ተብሎ ለአንድ እጥበት ብቻ የሚበቃ ትንሽ ፓኬት ተዘጋጀ። የታሰበው በመጀመሪያ በነፃ ማደል፣ ሰዉ ሲለምደው በየሱቁ ማስገባት ነው። እኔን የመረጡኝ የአካባቢውን ቋንቋ፣ ወላይታቶን፣ ስለምናገር ነው።

የገበያ ኃላፊያችን ቢኒያም ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ለእያንዳንዳችን ነጭ ጋዎን ሰጠን።

"ሰው ነጭ ጋዎን ያምናል፣ እህቴ" አለኝ።

ፓኬቱ ላይ አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ ትስቃለች። እሱም ታስቦበት ነው አለን። ሳሙና የሚገዙት እናቶች ናቸውና።

ሥራውን የጀመርነው ተበላ በምትባል ትንሽ ከተማ ገበያ ነው። ጋዎኑን ለብሼ ስገባ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ መንገድ ለቀቁልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ አንዲት ወጣት እናት መጣች። ሕፃን አዝላለች። ነጠላዋ በልጁ ተቅማጥ ቆሽሿል። አሳዘነችኝ። ልብሷን ታጥብበት ብዬ አንድ የሚሰጠውን ሁለት አድርጌ ሰጠኋት።

"ውሃ ውስጥ ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ ውሃ ውስጥ በጥብጪው" አልኳት።

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ጎንበስ ብላ መረቀችኝና ሄደች። እኔም ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ።

ከቀትር በኋላ ሌላ ሴት ፓኬቷን ይዛ ተመለሰች።

"ለልጄ በቀን ስንቴ ልስጠው?"

"ምኑን?"

"ይሄን መድኃኒት ነዋ!"

በዚያ ወቅት ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጥ፣ ለምለም የሚባል ዱቄት በየጤና ጣቢያው ይታደል ነበር። ፓኬቱ የእኛን ያህላል። የሚያድለውም ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው ነው።

ያቺ ነጠላዋ የቆሸሸው ሴት ዓይኔ ላይ መጣች። በጥብጪው ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ።

ወደ ቢኒያም ሮጥኩ። መኪናው አጠገብ ቆሞ ካርቶን ይቆጥራል። የሆነውን ነገርኩት።

"ሳሙና መሆኑ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል እኮ" አለ።

"ማንበብ አትችልም።"

"ሥዕሉስ?"

"ሥዕሉ ልጅ ያቀፈች እናት ነው።"

ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሣና አብረውኝ ለሚያድሉት ልጆች "በወላይታቶ ተናገሩ፣ የሚጠጣ አይደለም በሉ፣ በየመደቡ ዙሩ" አላቸው። ለሾፌራችን ለጋሽ ባሳ ደግሞ "እሷን ይዘሃት ሂድ" አለው።

የት እንደምሄድ ግን አላውቅም። ሴትየዋ ስትመጣ ከቅቤ ሻጮች በኩል እንደነበር ትዝ አለኝ። ሄጄ ነጠላዋ ስለቆሸሸው እናት አንዷን አሮጊት ጠየቅኋት።

"ምን ሰረቀችሽ?" አለችኝ።

"ምንም አልሰረቀችኝም፣ እናቴ። የሰጠኋትን ልወስድባት ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። "አየሽ፣ የነፃ ነገር እንዲህ ነው!" አለች አንዷ። "ጠዋት ይሰጡሻል፣ ማታ ይቀሙሻል።"

"ሳሙና ነው! ለሕፃኑ ልታጠጣው ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ሳቁ ቆመ። አሮጊቷ ተነሣች። "አማረች ናት። ከወንዙ ማዶ፣ ትልቁ ዋርካ ጋ። ልጇ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ታሟል። ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሂጂ እንጂ!"

ጋሽ ባሳ ያንን ኮረኮንች መንገድ እንዴት እንደነዳው አላውቅም። እሱ ሲያወራ የሚውል ሰው ነው። ያን ቀን ግን ጥሩምባውን ብቻ ይነፋ ነበር። መንገዱ ወንዙ ላይ አለቀ። ወርጄ በእግሬ ገባሁበት። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር። ቀኑ ጾም ስለሆነ እህል አልቀመስኩም፣ ዳገቱን በእጄ ጭምር እየተደገፍኩ ወጣሁት። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። "እመቤቴ፣ ቅደሚልኝ፣ ቅደሚልኝ" ብቻ እል ነበር።

ዋርካው ጋ ስደርስ አንድ ልጅ ቤቱን አሳየኝ። ሳላንኳኳ ገባሁ።

አማረች ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። በእጇ ቅል ይዛለች። ቅሉ እስከ አፉ ድረስ ነጭ አረፋ ነው።

"ጠጣ?" አልኳት።

"ገና ነው፣ ዶክተር። ከገበያ አሁን መድረሴ ነው፤ አረፋው እስኪተኛ እየጠበቅሁ ነው። እኔ ቀምሼው አፌን አቃጠለኝ። መድኃኒት መቼ ይጣፍጣል ብዬ ነው።"

ቅሉን ከእጇ ነጥቄ ደጅ ደፋሁት። ሴትየዋ ደንግጣ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። እኔም መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"መድኃኒት አይደለም። የልብስ ሳሙና ነው" አልኳት። "እኔም ዶክተር አይደለሁም።"

ትኩር ብላ አየችኝ።

"ታዲያ ነጭ ለምን ለበስሽ?"

ጋዎኑን አወለቅኩት።

ልጁን አየሁት። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም። እኔም እናት ነኝና ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። "ተነሺ፣ መኪና አለ" አልኳት። ወንዙን ስንሻገር ልጁን እኔ ያዝኩት። እንደ ጭድ ቀሎ ነበር።

ጤና ጣቢያ እውነተኛውን ለምለም በማንኪያ፣ በማንኪያ ሰጡት። አማረችና እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ማንኪያውን እንቆጥራለን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጁ በኃይል አለቀሰ። በጉንጩ ላይ እንባ ወረደ። አማረች እንባውን በጣቷ ነካችና አሳየችኝ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

በማግስቱ ጋዎኑን አጣጥፌ ለቢኒያም መለስኩለት። ምንም አልተከራከረኝም። ለአዲስ አበባ ጻፈ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ካናቴራ መጣልን፤ የፓኬቱም ሥዕል በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተተካ። ለምን እንደተለወጠ ለሠራተኛው የነገረው የለም።

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች "የአንቺ ስህተት ልጁን አዳነው፤ ባትሄጂ ኖሮ እቤቱ ይሞት ነበር" ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። የንስሐ አባቴም "አመስግኚ፣ ራስሽን ግን አታመስግኚ" ብለውኛል። እንደዚያው አደርጋለሁ። አረፋው ቶሎ ስላልተኛ አመሰግናለሁ። ስለዚያች ቅቤ ሻጭ፣ ስለ ጋሽ ባሳም አመሰግናለሁ።

ዛሬም ሳሙና እሸጣለሁና አማረችን አልፎ አልፎ ገበያ ላይ አገኛታለሁ። ልጁ ዛሬ ከእናቱ ቁመት በልጧል። ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። እሷም አቅፋ ትስመኛለች፤ ስለ ልጆቼም አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች። ሳሙና ግን ከእኔ ገዝታ አታውቅም። አልፈርድባትም።