አባቴ የሕይወት ታሪኩን ለማስረዘም የሰጠው መሬት

ጂንካ ውስጥ ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። አንባቢው ብዙ ጊዜ የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ ወረቀቱን የሚያጽፈው ግን ቤተሰብ ነው። እኔ ጋዜጠኛ በመሆኔ ከዞኑ ዜና ሌላ የጎረቤቶቼን ሙታን ታሪክ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንድ ደንብ አለኝ፤ ያልተደረገ ነገር አልጽፍም። ሟች ደግ ነበሩ ከተባልኩ ለማን ምን እንደሰጡ እጠይቃለሁ። በዚህ ጥያቄ የተነሳ ብዙ ቤተሰብ ተቀይሞኛል፤ ጽሑፎቼም አጫጭር ናቸው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ሱቁን ለወንድሜ ከለቀቀ በኋላ ዋና ሥራው ቀብር መሄድ ሆነ። አንድ ቀን የአንድ ጅምላ ነጋዴ ጓደኛውን ቀብር ጨርሶ ፊቱ ተለዋውጦ ገባ። ሐዘን መስሎኝ ነበር።

«ሃያ ደቂቃ ተነበበለት» አለኝ። «ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ፣ ለትምህርት ቤት አጥር፣ ለጤና ጣቢያ ፍራሽ። ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ አለቀ።»

«እና?»

«የኔን ጻፊልኝ። በቁሜ ልየው።»

ጻፍኩለት። መወለዱን፣ ማግባቱን፣ ልጆች ማፍራቱን፣ መነገዱን፣ የዕድር መዋጮ አስተጓጉሎ አለማወቁን። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ሌላው የት አለ?»

«ሌላ ምን አለ አባዬ?»

«ደግነቴስ?»

«ለማን ምን ሰጠህ? ንገረኝና ልጻፍ።»

መነጽሩን አውልቆ አሰበ። ብዙ አሰበ። «ለለማኝ እሰጣለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ለየትኛው?»

«ለሚመጣው ነዋ!»

በማግስቱ ጠዋት ግን መሬቱ ትዝ አለው።

መሬቱ ገዘር አጠገብ ነው፤ ከጂንካ በሚኒባስ ይደረሳል። አያቴ ከሰሜን መጥቶ እንዴት እንዳገኘው ጠይቄያለሁ፤ «ድሮ ነው» ተብያለሁ። በደርግ ጊዜ ተወስዶ ለአራሾች ተሰጠ። ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ማን ምን እንደያዘ በውል ባልተለየባቸው ወራት፣ አባቴ ሄዶ መልሶ ያዘው። ኋላም የገጠር መሬት ሲመዘገብ ገዘር ያለችው አክስቴ ቤት ነዋሪ ነኝ ብሎ ፎቶው የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር አወጣ። የሚያርሱት የአካባቢው ተወላጆች፣ አሪ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የእኩል ነው የሚያርሱት፣ ከምርቱ ግማሹ ለእኛ ይመጣል። ባልየው ሞተ፤ ሚስትየዋ ቀጠለች። ገብሱ፣ ባቄላው፣ ጎደሬው በየወቅቱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጥቶ ሱቃችን በር ላይ ይራገፋል። እኛ ልጆቹ መሬቱን የምናውቀው በጆንያ ነው።

«ለቤተ መጻሕፍት እሰጠዋለሁ» አለ አባቴ። መጽሐፍ ሲያነብ አይቼው አላውቅም።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው የዕድሩ ሊቀ መንበር ሆነ። የመጀመሪያው ስብሰባ በሩ ላይ ስለሚቆመው ሰሌዳ ነበር፤ የአባቴ ስም በአንድ ቀለም ይጻፍ ወይስ በሁለት። ሁለተኛውም ስብሰባ ስለ ሰሌዳው ነበር። በሦስተኛው ላይ የመሠረት ድንጋይ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ስለ መሠረት ድንጋይ ትንሽ አውቃለሁ። ቱርሚና ኦሞራቴ መንገድ ላይ ሪባን ሲቆረጥ ዘግቤ፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው ሳልፍ ድንጋዩ ላይ ፍየል ተኝቶበት አይቻለሁ። ይህንኑ ተናገርኩ።

«አንቺ መቼም ጨለምተኛ ነሽ» አለኝ ሰብሳቢው።

«ጨለምተኛ አይደለሁም። ፍየሉን አይቼዋለሁ።»

አባቴ፣ ሰብሳቢውና እኔ ቦታውን ለማየት ወጣን። ሜዳ የሆነውና ለመንገድ የቀረበው፣ ለሰሌዳውም የሚመቸው፣ ሴትየዋ እንሰት የተከለችበት ነበር። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ እሷ በየዓመቱ የደረሰውን እየቆረጠች በምትኩ ትተክላለች። ከሌላው ሰብል ሁሉ ግማሹ ወደ እኛ ሲሄድ እንሰቱ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው፤ አባቴ ቆጮ ስለማይወድ ተካፍሎት አያውቅም። እሷና ልጆቿ እህሉ ሲያልቅ የሚኖሩት በእሱ ነው።

ሰብሳቢው በእርምጃ እየለካ እንሰቱ መሀል ገባ። «በሩ በዚህ ይሆናል፣ ሰሌዳው እዚህ ይቆማል።»

ሴትየዋ አፈሩን ከእጇ እያራገፈች መጣች። አባቴ ነገሩን እንደ ምሥራች ነገራት።

«እንሰቱስ ጋሼ?»

«ይነሳል። ለሕዝብ ጥቅም ነው።»

«እኔ ሕዝብ አይደለሁም?»

ሰብሳቢው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ግን ለምን ትሰጣለህ?» አለችው።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ነገርኳት፤ እኛ ጋ ሰው ሲቀበር የሰጠው ሁሉ እንደሚነበብ፣ የአባቴ ወረቀት ግን ባዶ እንደሆነ። በጥሞና ሰማችኝ።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ስንት ጊዜ ጫንኩ?» አለች። «ከዚያ በፊትስ? ገብሱን አንተ በላህ፣ ባቄላውን ልጆችህ በሉ። የሰጠነው እኔና ባሌ ነን። የሚነበብ ከሆነ የእኛ ይነበባላ፣ ጋሼ!»

አባቴ ዝናብ ሊመጣ ነው አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በሥራዬ ባለሥልጣን መልስ ሲያጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ደስም ይለኛል። ያን ቀን ግን ደስ አላለኝም፤ ባቄላውን እኔም በልቼዋለሁ።

ከዚያ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ወጣቱ ባለሙያ ፋይሉን አገላብጦ አየ።

«አባት፣ የገጠር መሬት በስጦታ የሚተላለፈው ለቤተሰብ ነው። ለኮሚቴ ፕሮሰሱ አይፈቅድም። ከፈለጉ ለቀበሌው መመለስ ይችላሉ።»

«መመለስ?» አለ አባቴ። «መለሰ ተብሎ ሊነበብ?»

ባለሙያው ምን እንደሚነበብ አልገባውም። «እዚህ ላይ ነዋሪነትዎ ገዘር ነው ይላል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለ አባቴ። ሰብሳቢውም «ልክ ነው» አለ፤ ማንም አልጠየቀውም።

ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ፤ በዜና ድምፄን ያውቀዋል። «ከቤተሰቡ ይህን መሬት መጨረሻ ያረሰው ማነው?»

አባቴ እግሬን በከዘራው ነካ አደረገው። አላስታውስም ማለት ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰው እኔን እንደዚያ ብሎ ሸኝቶኛል።

«እኔ እስከማውቀው ማንም አላረሰውም» አልኩ። «አባቴ የሚኖረው ጂንካ ነው። ያረሱት ሴትየዋና ሟች ባሏ ናቸው።»

ባለሙያው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲህ አባት፣ የገጠር መሬት እዚያው ኖሮ ለሚያርስ ነው፤ ይህ ከተጣራ መሬቱ ሊወሰድብዎት ይችላል። በፈቃድዎ ከለቀቁና ማን ሲያርሰው እንደኖረ በደብዳቤ ከገለጹልን ግን ቀበሌው ለእሷ ቅድሚያ ሊሰጣት ይችላል። ሪፖርት ላይም ያምራል።»

ስንመለስ አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ ከእኔ ርቆ ተቀመጠ። ጂንካ ልንገባ ስንል በተሳፋሪው ሁሉ ፊት «ያሳደግኋት ጋዜጠኛ!» አለ። ኮረሪማ የያዘች አንዲት ሴት በሐዘኔታ አየችኝ።

ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ልቡ ተነክቶ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን መሬቱ ወደደም ጠላም እንደሚሄድ ስለገባው ነው፤ በፈቃዱ ከሄደ ደግ ይባላል።

«ጻፊ» አለኝ። «ለረጅም ዘመን በልግስና ስረዳት ለኖርኩት...»

«ማን ማንን ነው የረዳው?»

«አንቺ ደግሞ!»

«አባዬ፣ ደብዳቤው እሷ ፊት ይነበባል።»

«በይ እንደሆነው ጻፊው» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መሬቱን እሷና ባሏ እንዳረሱት፣ ከምርቱ ግማሹን ለእኛ እንደሰጡ፣ አባቴም በፈቃዱ እንደለቀቀ ጻፍኩ። ፈረመ። ኮሚቴው ሳይሰናበት ጠፋ። ሰሌዳው በሁለት ቀለም ተሠርቶ አልቆ ነበር፤ አሁን ከወንድሜ ሱቅ ጀርባ የማገዶ ክዳን ሆኗል።

ቀበሌው እስኪወስን አንድ ክረምት አለፈ። በዚያ ክረምት ሴትየዋ የደረሰውን ቆረጠች፤ በምትኩ ግን አልተከለችም። ማን እንደሚነቅለው ሳታውቅ ለምን ትተክል? ሳልፍ አየሁት፤ እንሰቱ መሀል ላይ ባዶ ቦታ እየሰፋ ነበር።

በመጨረሻ መሬቱ ለእሷ ተወስኖ ባለሙያው ለኪዎች ይዞ የመጣ ዕለት አባቴ ኮቱን ለብሶ ተገኘ። ፎቶ እንዳነሳው አዘዘኝ። ሴትየዋ ለኪዎቹን እየመራች፣ የድንበር ጎረቤቶቿን በየማዕዘኑ እያስመሰከረች ዞረች። ባለሙያው ስሟን ጽፎ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ መዝገቡ ላይ አሳረፈው።

አባቴ ለፎቶው ባዶውን ቦታ መርጦ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ካሜራዬን ሳስተካክል ሴትየዋ በአንድ እጇ የእንሰት ችግኝ፣ በሌላው መቆፈሪያ ይዛ መጣች። የጣቷ ቀለም ገና አልደረቀም።

«ጋሼ፣ እዚያ ልተክል ነው። ፈቀቅ በል።»

አባቴ እኔን አየ፤ ከዚያ ባለሙያውን አየ። አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ።

«ትንሽ ጨምር» አለችው።

ጨመረና መንገዱ ላይ ወጣ። እሷም መቆፈር ጀመረች።