ሰላምታን የከለከለው መመሪያ

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ውጫሌ የበሽታ ቅኝት ባለሙያ ሆኜ ስመደብ፣ በየሰኞው ለጤና ኬላዎች እየደወልኩ የሳምንቱን ሪፖርት እሰበስብ ነበር፦ ኩፍኝ ስንት፣ ወባ ስንት፣ ከሌለም ዜሮ። ያስመረረኝ ሰላምታው ነው። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ተጠያይቀን ቁጥሩ ላይ እስክንደርስ ሻይዬ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ለሁሉም ኬላ አንድ ወጥ የሪፖርት መመሪያ እንዳረቅቅ ስታዘዝ ደስ አለኝ። ገና በመጀመሪያው አንቀጽ፣ «ሰላምታ ቀርቶ ቁጥር ብቻ ይነገራል» ብዬ ጻፍኩ። ኮራሁበትም።

ረቂቁን በሞከርንበት ሰኞ ሁሉንም ኬላ ከረፋዱ በፊት ጨረስኩ። ከተራራው ሥር ባለው ኬላ የሚሠሩት አንጋፋዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንኳ፣ እትዬ የምላቸው፣ «ኩፍኝ ዜሮ፣ ወባ ዜሮ» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ሐሙስ ዕለት ራሳቸው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ሰላም ማለት ይፈቀዳል?»

«ምነው እትዬ?»

«የጎረቤቴ ልጅ ትኩሳትና ሽፍታ ይዟታል። ኩፍኝ ሳይሆን አይቀርም።»

«ሰኞ ዜሮ ብለውኝ አልነበር?»

«ሰኞማ በላይኛው መንደር ልጆች ትኩሳት ያዛቸው ሲባል ሰምቼ ነበር እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ያላየሁትን እንዴት ብዬ ልቁጠር? እንዲህ ያለውን ድሮም ጎረቤት እንዴት ነው ስትለኝ ነበር የምነግርህ።»

አፈርኩ፤ ፈራሁም። እዚሁ ቅርብ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ የእኛ ሰው የሰማውን ወሬ በሰላምታ መሀል እንደሚያወራ እንዴት ጠፋኝ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ባጃጅ እስከቻለው በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር ወጣን። ልጅቷን አከምናት፣ ናሙና ወሰድን፣ ያልተከተቡትን ልጆች ከተብን። እስክትድን ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የመጀመሪያውን አንቀጽ ቀየርኩት፦ «ደዋዩ ከቁጥር በፊት ስለ ጎረቤት ይጠይቃል፤ የተሰማውንም ይመዘግባል።» ሲጸድቅ የሳቀ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሰኞ እትዬ ዘንድ ደወልኩ።

«ጎረቤት እንዴት ነው?»

«አልሃምዱሊላህ! ይኸው አጠገቤ ቆማ ስልኩን ልትነጥቀኝ ነው።»

ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ ድኛለሁ። ከብቶቹስ ደህና ናቸው?»

ከብት የለኝም። «ደህና ናቸው፣ ተመስገን» አልኳት፤ ስለ ዝናቡም ጠየቀችኝ፤ ሻይዬ ቀዘቀዘ።