የፈሂማ እጅ፣ የሌላ ሴት ፊት

ቡሬ ከተማ ውስጥ ልጁን ሲድር ፈሂማን ወጥ ያላሠራ ሙስሊም አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሠርግ ድስት የእሷ ነው። የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ ልጅ ሆና በርበሬ ስትወቅጥ ዘነዘና አግኝቷት። ፊቷን የረሳ ሰው በጥፍሯ ያውቃታል።

አምና ከተማችን ባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አዳራሽ አንድ የኢራን ፊልም ታየ። ሙዚቃ የለ፣ ወሬ የለ፤ ሂጃብ ያሰረች የገጠር ሴት ዱቄት ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትወጣለች። አለቀ። ያሳየው ቴዎድሮስ የሚባል፣ አዲስ አበባ ሲኒማ የተማረ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። እንባው ቀርቦ፣ «እውነት ማለት ይኼ ነው! እኛስ የገጠር ሴቶቻችንን መቼ እንዲህ አየናቸው?» አለ።

ፈሂማ ከኋላ ሆና፣ «ኧረ ይቺማ እኔ ነኝ!» አለች። ሰው ሳቀ። ቴዎድሮስ አልሳቀም፤ በማግስቱ የራሱን ፊልም ሊቀርጽ ካሜራውን አሸክሞ ቤቷ ደረሰ።

«እትዬ ፈሂማ፣ ሂጃብዎን ቢያወልቁት? የጎጃም ገጠር አልመስል አለኝ።»

«እኔ ታዲያ የየት ነኝ? አያቴ የተቀበሩት እዚሁ ጎጃም፣ ሽንዲ ነው።»

«አይ፣ ተመልካቹ ግራ እንዳይጋባ ብዬ ነው።»

«የኢራኗን ስታይ ግራ ተጋባህ?»

የኢራን ሂጃብ ጥበብ፣ የቡሬ ሂጃብ ግራ መጋባት። አላወልቅም ስትለው፣ «እንግዲያው እጅዎ ብቻ ይበቃናል» አለ። እሱም አብረውት የመጡትም ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሙስሊም ያረደውን እንደማይበሉ ታውቃለችና ሽሮ ሠርታ አቀረበችላቸው። እሷ እነሱን እንዲህ ታውቃቸዋለች። አብራቸው ስትጎርስ እጇን ቀረጹት።

ዘንድሮ ፊልሙ ፍኖተ ሰላም ታየ፤ ፈሂማም ከቡሬ ሰዎች ጋር ልታይ ሄደች። ማተብ ያሰረች ተዋናይት ማኅበር ላይ ተቀምጣለች። ዶሮ ወጥ ቀረበ። ከዚያ ግድግዳውን የሞላ እጅ ጎረሰ፤ ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ።

«የፈሂማ እጅ!» አለ አንዱ።

«ክርስቲያን ያረደውን በላቻ!» አለ ሌላው። ከዚህም ከዚያም ሳቅ ተነሳ።

ፈሂማ ሐሙስ ለዙለይካ ልጅ ሠርግ ወጥ ልትሠራ ነው፤ ዙለይካ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ይኼ ከተወራባት በኋላ ከድስቷ ማን ይቀምሳል?

ተነሳች። «አቁመው! አንተ ልጅ፣ ምን ነበር የበላሁት? ለሰው ተናገር!»

«እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው። እጅ ሃይማኖት የለውም» አለ ቴዎድሮስ ከፊት ሆኖ።

«ያንተ አይኑረው! ይኼ የኔ ነው።»

«መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ ስምዎን እናስገባለን።»

«ስሜ እኮ ፈሂማ ነው። ተመልካቹ ግራ አይጋባብህም?»

አሁን የሳቀ የለም። ዙለይካ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። «ወንድሜ፣ ሳህኑ ላይ የነበረው ምንድን ነው?»

«ሽሮ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ጮክ በል፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።»

«ሽሮ ነበር!»

ዙለይካ ወደ ፈሂማ ዞረች። «ሰምተናል። ሐሙስ በጊዜ ነይ፤ ሽንኩርቱ ብዙ ነው።»

ሠርጉ ተደገሰ፣ ወጡም ተበላ። ፊልሙ ግን አንድም ነገር ሳይነካ ከከተማ ከተማ ይዞራል። «እውነተኛዋ የጎጃም ገጠር ሴት» እያሉ ያጨበጭባሉ አሉ። ያጨበጭቡ። የሚያጨበጭቡላት ሴት ከእጅ አንጓዋ በላይ ውሸት ናት።