ፈታሿ ጭነት ስትለምድ

አንድ የልብስ ፋብሪካ በር ላይ ለዓመታት የሠራተኛ ቦርሳ ስትበረብር የኖረች ሴት ነበረች። ፋብሪካው ሲዘጋ እሷም እንደ ሌላው ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረች። ስንት ደጅ ጠንታ ያገኘችው ሥራ፣ ጥቅል የሚያመላልስ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ካርቶን መኪና ላይ መጫን ነው፤ እሱም የሙከራ ጊዜዋን በደህና ካለፈች። ሥራዋ ቢቀየርም ዓይኗ አልተቀየረም። ሰው ሲያናግራት ፊቱን ትታ እጁንና ኪሱን ታያለች። ሳምንት ሳይሞላት ስም ወጣላት፤ ፈታሿ አሏት።

ሥራውን እንዲያለማምዳት የተመደበው ጋሼ ጓንት ነበር። ጓንቱን እንዳደረገ ነው የሚተኛው እየተባለ የሚቀለድበት አንጋፋ ጫኝ ነው። «ስታነሺ በጉልበትሽ እንጂ በወገብሽ አይሁን። አድራሻው ወደ ውጭ ይታይ» ካላት በኋላ አፉን ዘጋ። ሌሎቹም ሲሳሳቁ ይቆዩና እሷ ስትጠጋ ጨዋታቸውን ዋጥ ያደርጋሉ።

«የሚደብቁት ነገር አለ» አለቻት ለታላቅ እህቷ። የእህቷ ባል ከሞተ ወዲህ የሚኖሩት አንድ ላይ ነው።

እህቷ ልብስ እያጠፈች፣ «አንቺ እኮ እኔንም ከገበያ ስመለስ ዘንቢሌን ታዪብኛለሽ» አለቻት።

«እሱ ልማድ ነው።»

«ልማድ መሆኑን እነሱ በምን ያውቃሉ?»

ፈታሿ ነገሩን ከቁብም አልቆጠረችው። ምክንያቱም ሌላ ያየችው ነገር ነበር። መኪናው ውስጥ ካርቶኖቹን እንደ ግድግዳ ደርድራ በጨረሰች ቁጥር፣ ጋሼ ጓንት «ሂጂ፣ ማሰሪያ ገመድ አምጪ» ይላትና ብቻውን ይገባል። ስትመለስ አንዳንዱ ካርቶን እሷ ካስቀመጠችበት ቦታ የለም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ዕቃ ቢጎድል የሚላከከው በማን ነው? በአዲሷ ነው።

አንድ ቀን ገመዱን ልታመጣ የሄደች መስላ ከመኪናው በር ጀርባ ተለጠፈችና አጮልቃ አየች። ጋሼ ጓንት የሷን ካርቶኖች ከላይ እያወረደ ነው። ከባዱን ወደ ታች ያስገባል፣ ቀላሉን ወደ ላይ ያወጣል፣ ክፍተቱን በትንንሽ ጥቅል ይጠቀጥቃል። አንዱንም አልከፈተም። ያም ሆኖ ልቧ አላመነም።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ?»

አልደነገጠም። «ያንቺ ግድግዳ ሁለት መታጠፊያ አያልፍም። ሹፌሩ በሩን ሲከፍት አናቱ ላይ ነው የሚናድበት። ሹፌሩ ደግሞ የልጄ ባል ነው።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም? ተማሪዎ አይደለሁ?»

ወገቡን አቃና። «እውነቱን ልንገርሽ? አለቃው የላከሽ ነው የመሰለን። ፈታሽ የነበረች ሴት ካርቶን ልትሸከም መጣች ሲባል ማን ያምናል? እኛ ሲደክመን አረፍ እንላለን፣ አለቃውንም እናማለን። ካንቺ ጋር በተቀራረብን ቁጥር ብዙ ታዪብናለሽ ብለን ነው።»

«ማንም አልላከኝም።»

«እሺ» አላት። እሺታው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ አለቃው ወደ ቢሮው አስጠራት። ቢሮው ባለ መስታወት ስለሆነ የገባ ሰው ከመጋዘኑ ሁሉ ይታያል። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ይህ ደግነቱ ገና ከጅምሩ አላማራትም።

«ዓይንሽ አይስትም ይሉኛል» አላት። «ማን እንደሚለግም፣ ማን እጁ እንደማያርፍ ሹክ ብትዪኝ፣ ስለ ሙከራው ጊዜ ሐሳብ አይግባሽ።»

ይሄ ሰው ከልቡ ነው ወይስ ጋሼ ጓንትና እሱ ተማክረው ሊፈትኗት ነው? እጆቹን አየች። እስክሪብቶ ያገላብጣሉ፤ ከእነሱም ምንም አላገኘች።

«እኔ የተቀጠርኩት ልጭን ነው» አለችው። «መጫን ካቃተኝ ያሰናብቱኝ።»

ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። «እናያለን።»

ስትወጣ ሁሉም አይቷታል። ጋሼ ጓንት ወዳለበት መኪና በቀጥታ ገባች።

«ሹክ በዪኝ አለኝ፣ እምቢ አልኩት። ካላመኑኝ የራስዎ ጉዳይ ነው።»

ትክ ብሎ አያት። «ግን አንቺን ምን አይቶ መረጠሽ?»

«እኔንም ያብሰለሰለኝ እሱ ነው። እርስዎ ልከውት ይሆናል ብዬም ነበር።»

ጋሼ ጓንት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እኔ? ሰላምታዬን እንኳ የማይመልስልኝን ሰው!» ከዚያ ከባድ ካርቶን ገፋላት። «ነይ እስቲ፤ ይሄን የት ታደርጊዋለሽ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በደንብ አስተማራት። የላይኛው ካርቶን የታችኞቹን ሁለት መገናኛ እንዲረግጥ ማድረግን፣ ረድፉ ሲያልቅ በትከሻ ገፍቶ መሞከርን አሳያት። ስታበላሽ «አፍርሺው» ይላታል፤ እሷም እያጉረመረመች ታፈርሰዋለች። እጇ ቆሰለ፣ ሻረ፣ ደደረ።

የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ አለቃው ራሱ መኪናው ላይ ወጣ። ግድግዳዋን በሁለት እጁ ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብሎ ከታች እንከን ፈለገ፣ ተንጠራርቶ ከላይ ፈለገ። ሹፌሩ ቆሞ እያየ ስለነበር እንከን መፍጠር አልቻለም፤ «ሥራሽን ቀጥዪ» ብሏት ወረደ።

ማታ ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ አቅፋ ሳመቻትና፣ «አሁንማ ልብሽ ያርፋል» አለቻት።

«የት ያርፋል» አለች ፈታሿ፣ ጫማዋን እየፈታች። «እኔ እምቢ ስላልኩ አለቃው የሚተው ይመስልሻል? ይሄኔ እሺ ብሎ ሹክ የሚለው ሌላ ሰው አግኝቷል። ማን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።»