የቦራ ወገብ

በደርግ ዘመን፣ ባሌ በዘመተ በዓመቱ ገደማ፣ የእሱን ፈረስ ላሳክም ከቆቦ ወደ ዋጃ በእግር ሄጄ ነበር። ፈረሱ ግንባሩ ነጭ ስለሆነ ቦራ እንለዋለን። የኋላ ግራ እግሩን ሲያነክስ ጎረቤቶች በጋለ ብረት ተኮሱት፤ ባሰበት። የማይሠራ ፈረስ ከከተማ ውጭ ተለቆ የጅብ ሲሳይ ይሆናል። አማቴም፣ የባሌ አባት፣ ሊለቁት ቆርጠው ነበር። ዋጃ ወጌሻ አለ ብዬ ለመንኳቸው።

«እሺ። ካልዳነ ግን እዚያው ለቀነው እንመለሳለን» አሉ።

መንገድ ላይ

ፀሐይ ከዞብል ተራራ ብቅ ስትል ወጣን። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። የወታደር መኪኖች ባለፉ ቁጥር ቦራን ወደ ዳር እንስበዋለን።

ጥንቅሽ የምትሸጥ ሴት፣ «ፈረስ እያላችሁ በእግር? ወይስ እሱ ነው የሚነዳችሁ?» ብላ ሳቀችብን።

«ታሞብን ነው እቴ» አሏት አማቴ።

«አላህ ያሽረው» አለችና አንድ አገዳ ሰብራ አጎረሰችው።

ዋጃ

ወጌሻው አባ ሰይድ እግሩን አልነኩም። አውራ ጣታቸውን በአከርካሪው ላይ እየጫኑ ወረዱ። ወገቡ ላይ ሲደርሱ ቦራ ተንቀጠቀጠ።

«ሕመሙ እዚህ ነው። እግሩን በከንቱ አቃጠላችሁት» አሉ። ሊያሹት ሲሉ ግን ተወጥሮ ረገጠ። «እንዲህ እንደ ደረቀ አይታሽም። ባለቤቱ ምን እያለ ነው የሚያባብለው?»

አማቴ ወደ እኔ አዩ። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

«ተናገሪ እንጂ ልጄ!» አሉ አባ ሰይድ።

«የባሌ ስም አለበት» አልኩ። በአገራችን ምራት የባሏን ስም አትጠራም፤ በአማቷ ፊትማ ነውር ነው።

አባ ሰይድ ሳቁ። «እንግዲያው አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህን ያዝ!»

አማቴ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። የቦራን አንገት አቅፌ፣ «ቦራ የይመር፣ ቦራ የይመር» አልኩት። ራሱን ደፋ፤ ጀርባው ላላ። አባ ሰይድ በሁለት መዳፋቸው ተጫኑት። አንድ ነገር ቋ አለ።

«አልሐምዱሊላህ። በጋው እስኪወጣ ግን ጭነት እንዳይነካው» አሉ።

መልስ

እዚያው አድረን በማግስቱ ተመለስን። ቦራ በአራቱም እግሩ እኩል ይረግጥ ነበር። አማቴ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ።

«ያን ነገር እስቲ በይው» አሉ ሳይዞሩ።

«ምኑን አባባ?»

«የፈረሱን።»

አልኩላቸው።

«ድገሚው።»

ቆቦ እስክንገባ ደጋገምኩት። ቤት ስንደርስ ቦራን በእጃቸው አሰሩት፤ ስለመልቀቅ ዳግም አላነሱም። ሕመም ከሚታይበት ሌላ ቦታ እንደሚቀመጥ ያን ጊዜ ተማርኩ። ይመር ከዘመቻ አልተመለሰም። ቦራ ደጃችን አረጀ፤ ጠዋት ጠዋት ያንኑ እያልኩ ሳሻሸው አማቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር።