የአሥራ ሦስት ዓመት እናት

ጓደኛዬ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ቀን የፋብሪካችን በር አላስገባትም። ካርዷን አስነካች፣ መብራቱ ቀላ። ደግማ አስነካች፣ አሁንም ቀላ። ልጇን ለጎረቤት ትታ ከተፍኪ በጠዋት ተሳፍራ ነው የመጣችው። በሩ አዲስ ነው፤ በካርድ መግባት የተጀመረው በዚያው ጠዋት ነበር።

እኔ ሰበታ እዚያው ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ የሠራተኛ መረጃ ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ደወለችልኝ፣ ወረድኩ። ዘበኛው አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት።

"ኢንተለ ኮ፣ ማል ጎና? ልጄ፣ ምን እናድርግ? አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ለሥራ አልደረሰችም ይላል።"

"ኦቦ፣ አንቱ ያውቋታል እኮ።"

"ሠርጓ ላይ በልቻለሁ። ማሽኑ ግን ሠርጉ ላይ አልተጠራም።"

ጓደኛዬ ልትስቅ ሞከረችና ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሳበች። ወተቷ ሸሚዟን አርሶት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው የተባለችው እሷ ናት። ከጎኗ መብራቱ የቀላባቸው ሌሎች ለጋ ሴቶችም ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

የእሷ ግን የባሰ ነበር። ኮሌታ የምትሰፋበት ማሽን ላይ በወሊዷ ጊዜ ሌላ ሴት ተቀምጣለች፤ ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ "እስከ ምሳ ካልገባች ማሽኑን ትርሳው" ብሏል። ማሽን የሌላት ሴት እኛ ጋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ክር ትቆርጣለች። የወለደ ወገብ ይዛ።

ወደ ሰው ኃይል ኃላፊው ሮጥኩ።

"አሳስተሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ" አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

"እኔ ጋ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው የሚለው። ይኸው፣ ይዩት።"

"ሲስተሙን የሠሩት ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ክፍሌን ይተዉትና ወርደው ይዩዋት። ጡቷ እየፈሰሰ ነው።"

ጆሮው ቀላ እንጂ አልተነሳም። "ይልቅ ነገሩን አታክብጂው። ስምንት ዓመት ጨምሪላትና ትለፍ።"

"ነገ ሲስተካከል ሃያ ዘጠኝ ልትሆን? አልጽፍም።"

የሠራተኛ መዝገቡን ፕሮግራም የሠራው አንድ ልጅ ነው፣ የበሩን ሌላ። ሁለቱም ለቢሮ ሥራ በሚያገለግል በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ነው የጻፉት። ካርድ ሲነካ የመዝገቡ ፕሮግራም የበሩን ይጠራና የልደት ቀኑን ያቀብለዋል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ቁጥር ብቻ። መጀመሪያ ለየብቻ ስደውልላቸው እያንዳንዱ "የእኔ ትክክል ነው፣ እሱን ጠይቂ" ብሎኛል። ስለዚህ አንዱን በሞባይሌ፣ ሌላውን በቢሮው ስልክ ደወልኩና ሁለቱን ስልኮች ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ተነጋገሩ አልኳቸው።

"እኔ ልደቱን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ነው የማቀብልህ" አለ የመዝገቡ።

የበሩ ቀበል አድርጎ፣ "ቀይረህ?"

"አዎ።"

"እኔም እኮ ስቀበል እቀይራለሁ። በእኛ የምትልክልኝ መስሎኝ።"

"ማን በእኛ ነው አለህ?"

"ማንስ በፈረንጅ ነው አለኝ?"

አንድ ልደት ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ልጅቷ ስምንት ዓመት አነሰች። እኛ አገር ልጁን የሚያስከትብ፣ ባንክ የሚቀጠር ሰው ሁሉ "በእኛ ነው በፈረንጅ?" ሳይል አይወጣም። እነዚህ ሁለቱ ግን ቀን ሲቀባበሉ አንዱ አልተናገረ፣ አንዱ አልጠየቀ። የሁላችንም ዕድሜ ነበር የቀነሰው። አርባውን ያለፈ ኃላፊ በጎልማሳነቱ ላይ ወጣትነት ተጨምሮለት በአረንጓዴ መብራት ገብቷል፤ በር ላይ የቀሩት ልጅ እግሮቹ ሴቶች ናቸው።

"ቀላል ነው፣ አንድ መስመር ማጥፋት ነው" ተባባሉ። ከዚያ ማን ያጥፋ በሚለው ተጨቃጨቁ። እኔ ጠረጴዛውን ተደግፌ ስሰማ፣ የምሳው ደወል ጮኸ።

መብራቱ አረንጓዴ የሆነው ሰው ሁሉ በልቶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ጓደኛዬ ገባች። ማሽኗ ላይ ያችው ሴት ተቀምጣ ኮሌታ ትሰፋለች፤ እሷም ልጆች አሏት፣ ቀና ብላ ልታየን አልቻለችም።

"ገባች አይደል? ሌላ ምን ቀረ?" አለኝ ኃላፊው።

"ማሽኗ።"

"እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሱፐርቫይዘሩን ጠይቂ።"

ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ፣ "እኔ የማውቀው በሰዓቱ አለመግባቷን ነው፣ ኃላፊውን ጠይቂ።"

ዛሬም ቆማ ክር ትቆርጣለች። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት "ሕፃኗ መጣች" ብለው ይቀልዱባታል፣ ትስቅላቸዋለች። እኔ አልስቅም። ሱፐርቫይዘሩን ኮሪደር ላይ ባገኘሁት ቁጥር "ማሽኗስ?" እለዋለሁ። አሁን አሁን ሲያየኝ በሌላ ደረጃ ይወርዳል። እዚያም ወርጄ እለዋለሁ።